አውቶቡስ ሳይሳፈሩ 381 ቀን፦ የሞንትጎመሪ አድማ በምን ቆመ?

ጥያቄው፦ «ለማኅበራችን ወጣቶች ስለ ሮዛ ፓርክስ እንድናገር ተጠይቄያለሁ። ከመቀመጫዬ አልነሳም ማለቷን ሁሉም ያውቃል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የዕለት እንጀራውን የሚያሳድድ ሠራተኛ ከአንድ ዓመት በላይ አውቶቡስ ሳይሳፈር ሥራው ላይ እንዴት ቆየ? መኪናውና ገንዘቡ ከየት መጣ? መጨረሻ ላይስ ያሸነፈው አድማው ነው ወይስ ፍርድ ቤቱ?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። የአውቶቡሱን የዘር ሕግ ያፈረሰው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ነገር ግን ክሱ ተጀምሮ እስኪያልቅ አሥር ወር ከምናምን ፈጅቷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሕዝቡን ያቆመው፣ ከሳሾቹን ብቻቸውን ያላስቀረው፣ ጉዳዩን የመላው አሜሪካ ጉዳይ ያደረገው አድማው ነው። አድማውን ደግሞ ያቆመው ስምሪት ነው፤ ማን ከየት ተነስቶ፣ በማን መኪና፣ በስንት ሰዓት ሥራው ይደርሳል የሚለው ጉዳይ። ለወጣቶቹ አንድ ነገር ብቻ የመንገር ዕድል ቢኖረኝ የምነግራቸው ይህንን ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አውቶቡሱ ውስጥ የነበረውን ሥርዓት በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ ውስጥ ይሠራ የነበረው አውቶቡስ 36 መቀመጫ ነበረው። የፊተኞቹ 10 መቀመጫዎች የነጮች ነበሩ፤ ባዶ ቢሄዱም ጥቁር አይቀመጥባቸውም። የኋላዎቹ 10 ለጥቁሮች የተተዉ ነበሩ። መሃል ያሉት 16ቱ ግን በሾፌሩ ፈቃድ የሚያድሩ ነበሩ፤ ነጭ ሲበዛ ሾፌሩ ድንበሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ነጭና ጥቁር በአንድ ረድፍ መቀመጥ ስለማይፈቀድ አንድ ነጭ ለማስቀመጥ የረድፉ አራት ጥቁሮች በሙሉ ይነሱ ነበር። ሾፌሮቹ ከዚህም አልፈው ጥቁሩ ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ 10 ሳንቲሙን ከከፈለ በኋላ ወርዶ በኋላ በር እንዲገባ ያዝዙ ነበር። ሒሳቡን ከፍሎ ወደ ኋላው በር ሲሄድ ጥለውት የነዱ ሾፌሮች ነበሩ።

ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ሐሙስ ማታ ሮዛ ፓርክስ የተቀመጠችው በነጮቹ ቦታ አልነበረም። በመሃለኛው ክፍል ነበረች። አንድ ነጭ ቆሞ ስለቀረ ሾፌሩ ጄምስ ብሌክ የረድፉን አራት ሰዎች ተነሱ አለ፤ ሦስቱ ተነሱ፣ እሷ ቀረች። የከተማዋ ደንብ ራሱ ሌላ ባዶ መቀመጫ ከሌለ ተሳፋሪ ተነስ አይባልም የሚል ነበር። ይህ አንቀጽ ደግሞ ዝም ብሎ የገባ አልነበረም፤ ከ1900 ጀምሮ የከተማዋ ጥቁሮች በባቡር ትራም ላይ ባደረጉት ያለመሳፈር አድማ የተገኘ ነው። ሾፌሮቹ ግን በልማድ ሽረውት ኖረዋል። እናም እባክዎ «እግሯ ደክሟት ነው ያልተነሳችው» የሚለውን ለልጆቹ አይንገሩ። የ42 ዓመት ልብስ ሰፊ፣ የጥቁሮች መብት ተከራካሪ የሆነው ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የከተማው ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነበረች። በዚያው ዓመት ክረምት ቴነሲ ውስጥ ሃይላንደር በሚባለው የሕዝብ ትምህርት ቤት ስለ ዘር መድልዎ የተሰጠ ሥልጠና ተካፍላለች። የምታደርገውን የምታውቅ ሴት ናት።

የአድማው ሐሳብም ያን ማታ የተወለደ አይደለም። አላባማ ስቴት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህርት የነበረችው ጆ አን ሮቢንሰን የምትመራው የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት፣ አድማ ሊነሳ ይችላል ብሎ ለከንቲባው ለደብሊው ኤ. ጌይል የጻፈው ሜይ 21 ቀን 1954 ነበር፤ ከፓርክስ መታሰር ዓመት ከመንፈቅ በፊት ማለት ነው። በራሪ ወረቀት በየትኛው ሰፈር በማን እጅ እንደሚበተን ሁሉ ቀድመው አስበውበታል። የጎደላቸው ሕዝቡን በአንድ ቀን የሚያነሳ ጉዳይ ነበር።

ማርች 2 ቀን 1955 የ15 ዓመቷ ተማሪ ክላውዴት ኮልቪን በተመሳሳይ ምክንያት ስትታሰር ያ ጉዳይ የመጣ መስሎ ነበር። ያልተገፋበት አንደኛው ምክንያት ዕድሜዋ ነው። ሌላው ሕጋዊ ነው፦ በይግባኝ ጊዜ ዳኛው የመለያየት ሕግ ጣሰች የሚለውን ክስ ጥሎ ፖሊስ ላይ እጇን አንስታለች የሚለውን ብቻ አስቀረው። ሕጉ ራሱ ከመዝገቡ ከወጣ በዚያ መዝገብ ሕጉን መሞገት አይቻልም። ብዙ ጽሑፎች ይህንን ሳይነኩ ያልፋሉ፤ ልጅቷ ግን ኋላ ላይ በትልቁ ክስ ከሳሽ ሆና እንደምትመለስ ያስታውሱ።

ፓርክስ በታሰረችበት ሌሊት ሮቢንሰን ከኮሌጁ የሥራ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ማባዣው ክፍል ገባች። ስቴንስሉ ላይ አንዱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ደግመው ቀረጹት፤ አንዱ ወረቀት በሦስት ሲቆረጥ ሦስት በራሪ ወረቀት ይሆናል። እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ድረስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ታትሞ፣ ተቆርጦና ተጠቅልሎ አለቀ። አርብ ጠዋት ሮቢንሰን ክፍሏን አስተምራ ስትጨርስ ከተማሪዎቹ ጋር በመኪና ወጣች፤ ወረቀቱ ትምህርት ቤት፣ ሱቅ፣ ፀጉር ቤት፣ ፋብሪካ ደረሰ። መልእክቱ አጭር ነበር፦ ሰኞ የፓርክስ ችሎት ነው፣ ሰኞ አውቶቡስ አትሳፈሩ።

አርብ ማታ ቀሳውስቱ ተሰበሰቡ፤ እሁድ በየቤተ ክርስቲያኑ ተነገረ። የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ሰው የሆነውና ፓርክስን በዋስ ያስፈታው ኢ.ዲ. ኒክሰን ደግሞ ወሬውን ለአንድ ነጭ ጋዜጠኛ አቀበለው፤ የእሁዱ «ሞንትጎመሪ አድቨርታይዘር» በፊት ገጹ አወጣው። ጋዜጣው ነጮችን አስጠነቅቃለሁ ብሎ ወረቀት ላልደረሰው ጥቁር ሁሉ አዳረሰለት። የፖሊስ ኮሚሽነሩ ክላይድ ሴለርስ የባሰውን አደረገ፦ አድመኞች ተሳፋሪ ያስፈራራሉ ብሎ በየአውቶቡሱ ኋላ ሞተር ብስክሌተኛ ፖሊስ አስከተለ። ልሳፈር ወይስ ልተው እያለ ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ፖሊስ ሲያይ ትቶ ሄደ። ዲሴምበር 5 ጠዋት አውቶቡሶቹ ባዷቸውን ዞሩ።

ያን ቀን ፓርክስ 10 ዶላር ቅጣትና 4 ዶላር የችሎት ወጪ ተፈረደባት፤ ጠበቃዋ ፍሬድ ግሬይ ይግባኝ አለ። ከሰዓት በኋላ መሪዎቹ የሞንትጎመሪ መሻሻል ማኅበርን መሠረቱና የ26 ዓመቱን ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ሊቀ መንበር አደረጉት። ማታ ሆልት ስትሪት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሕዝቡ ውጭ በድምፅ ማጉያ እየሰማ አድማው እንዲቀጥል ወሰነ።

የጠየቁት ምን እንደነበር ልብ ይበሉ። የሾፌሮቹ አክብሮት፤ ጥቁሮች ከኋላ፣ ነጮች ከፊት ጀምረው ቀድሞ የመጣ ቀድሞ እንዲቀመጥ፤ በጥቁሮች መስመር ጥቁር ሾፌር እንዲቀጠር። የመለያየት ሕጉ ይፍረስ አላሉም። ይህ ፍርሃት አልነበረም፤ ሞቢል በምትባለው የአላባማ ከተማ ያው ኩባንያ በዚህ አቀማመጥ ይሠራ ስለነበር ሕጉ ሳይነካ ሊፈቀድ የሚችል ጥያቄ ነበር። ከተማው ይህንኑ ትንሽ ጥያቄ እንኳ እምቢ ሲል ነው ጥያቄው ያደገው። በእኔ አመለካከት የከተማው ባለሥልጣናት ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቢስማሙ ኖሮ ሕጉ ለዓመታት ይቆይ ነበር።

አሁን ወደ መጓጓዣው እንምጣ። ኪንግ የሰጠው ቁጥር እንደሚያሳየው 17,500 ያህል ጥቁሮች በቀን በአማካይ ሁለት ጊዜ አውቶቡስ ይጠቀሙ ነበር፤ ይህ 35,000 ጉዞ ነው። ከኩባንያው ተሳፋሪ ሦስት አራተኛው ያህል ጥቁር ነበር። አብዛኞቹ በከተማው ሌላ ጫፍ የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች፣ ሞግዚቶች፣ ምግብ አብሳዮች፣ የቀን ሠራተኞች ናቸው።

በመጀመሪያ የተያዘው ታክሲ ነው። የጥቁሮች የታክሲ ድርጅቶች ከ200 በላይ መኪና ነበራቸው፤ በአውቶቡሱ ታሪፍ በ10 ሳንቲም ሊያጓጉዙ ተስማሙ። በቀናት ውስጥ ሴለርስ ዝቅተኛው የታክሲ ታሪፍ 45 ሳንቲም ነው የሚለውን ደንብ አስታወሰ፤ ከዚያ በታች ያስከፈለ ይቀጣል። ይህ መንገድ እዚያው ተዘጋ።

ኪንግ ሉዊዚያና ባተን ሩዥ ወዳለው ወዳጁ ወደ ፓስተር ቲ.ጄ. ጄሚሰን ደወለ። ጄሚሰን በጁን 1953 በከተማው የአውቶቡስ አድማ መርቶ ነበር። ያ አድማ ሳምንት ያህል ቆይቶ በግማሽ ስምምነት አበቃ፤ ፊት ያሉት መቀመጫዎች ለነጮች፣ የኋላው አግዳሚ ለጥቁሮች ቀርቶ የመሃሉ ለቀደመ ሆነ። የጄሚሰን ምክር በግል መኪና መመላለስ ነው። ወሳኙ ነጥብ ደግሞ ይህ ነው፦ ተሳፋሪው ለሾፌሩ ሳንቲም አይክፈል። ከከፈለ መኪናው ያለ ፈቃድ የሚሠራ ታክሲ ይሆናል፤ ፖሊስም ምክንያት ያገኛል። የነዳጁ ወጪ በቤተ ክርስቲያን መዋጮ በኩል ይምጣ።

በቀጣዩ የሕዝብ ስብሰባ መኪናችሁን የምትሰጡ ስማችሁን ጻፉ ተባለ፤ ከ150 በላይ ሰዎች ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና መንዳት የሚችሉበትን ሰዓት ሞልተው ሰጡ። ኋላ ቁጥሩ ከ300 አለፈ። ዲሴምበር 13 ስምሪቱ በይፋ ሲጀምር 48 የጠዋት መነሻና 42 የማታ መመለሻ ጣቢያዎች ነበሩት። ሁለቱ ለምን ይለያሉ ቢሉ፦ ጠዋት ሰው የሚነሳው ከጥቁሮች ሰፈር ነው፤ መነሻዎቹ በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያኖች ነበሩ፣ ማለዳ በራቸው ተከፍቶ ሰው በብርድ ሳይቆም ውስጥ ይጠብቃል። ማታ ግን ሰው ያለው በነጮች ሰፈር ተበትኖ ነው፤ እዚያ የራሳቸው ግቢ ስለሌላቸው ብዙ ሰው የሚያልፍባቸውን ማዕዘኖች መምረጥ ነበረባቸው። ካርታውን ሲሠሩ የረዷቸው ከተማዋን በእግራቸው የሚያውቁ የፖስታ ቤት ሠራተኞች ናቸው። መሃል ከተማ ላይ የአንድ ጥቁር ንብረት የሆነ የመኪና ማቆሚያ ዋና ጣቢያ ሆነ፤ ተራ አስከባሪዎች ቆመው መኪና ሲገባ ወደየት እንደሚሄድ ጠይቀው በአቅጣጫው ሰው ይጭኑለታል። የስምሪቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሩፈስ ሉዊስ ነበር። የዘር መለያየት እንዲቀጥል የሚታገለው ማኅበር፣ የነጮች ምክር ቤት ሰዎች ሳይቀሩ ሥራው በወታደር ሥርዓት ነው የሚሄደው ብለው መስክረዋል።

እስቲ እናስላው። 300 መኪና በአንድ ዙር አራት አራት ሰው ቢጭን 1,200 ሰው ነው። 17,500 ሰው ጠዋት ለማድረስ ሁሉም መኪኖች ወደ 15 ዙር መመላለስ አለባቸው፤ መኪኖቹ ደግሞ ሁሉም ቀኑን ሙሉ አልነበሩም፣ ብዙዎቹ ባለቤቶች ከራሳቸው ሥራ በፊትና በኋላ ብቻ ነው የሚነዱት። ስለዚህ ስምሪቱ ሁሉን ሰው ጭኖ አያውቅም። የተረፈው ብዙ ሰው በእግሩ ሄዷል፤ በቀን በርካታ ኪሎ ሜትር፣ በዝናብና በብርድ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ጭምር። ሌሎችን የወሰዷቸው የቤት ሠራተኛቸው እንዳትቀርባቸው የፈለጉ ነጭ እመቤቶች ናቸው። ከንቲባው አታመላልሱ ብሎ ቢለምናቸውም ምግቡን ማን ያብስልልን፣ ልጆቹን ማን ይያዝልን ብለው አልሰሙትም። አድማው በነጩ ቤት ጓዳ በኩልም አጋር አገኘ ማለት ነው።

ገንዘብ። ሰኞና ሐሙስ ማታ በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞረ የሚደረገው ስብሰባ ጸሎትና መዝሙር ብቻ አልነበረም፤ መዋጮ የሚሰበሰብበት፣ የስምሪት ለውጥ የሚነገርበት፣ ወሬ የሚጣራበት ነበር። በኋላ ከመላው አሜሪካ፣ ከውጭ አገርም እርዳታ መጣ። ማኅበሩ ገንዘቡ በአንድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይታገድበት ከግዛቱ ውጭ ባሉ ባንኮች ጭምር ከፋፍሎ አስቀመጠው። ለወጣቶቹ የጆርጂያ ጊልሞርን ሥራ ሳይነግሩ እንዳያልፉ። ጊልሞር ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ሴቶችን አስተባብራ ዶሮ፣ ሳንድዊችና ኬክ እየሠራች በጥቁሮች ፀጉር ቤት፣ ሱቅና ስብሰባ ይሸጡ ነበር። ገንዘቡ ስብሰባው ላይ ሲገባ የማን ነው ቢባል «ከየትም ያልመጣ ክበብ» ይባላል፤ ስሙ ራሱ መከለያ ነው። አብሳዮቹና ደንበኞቻቸው አሠሪያቸው ቢያውቅ ይባረሩ ስለነበር ስም አልተጻፈም። ጊልሞር ራሷ በኪንግ ችሎት መስክራ ሥራዋን አጥታለች፤ ከዚያ በኋላ ቤቷን ምግብ ቤት አደረገችው።

ከግል መኪና ሌላ በገንዘቡ ከአሥር በላይ ስቴሽን ዋገኖች፣ ኋላቸው ሰፋ ያለ የቤት መኪናዎች፣ ተገዙ። የተመዘገቡት በየቤተ ክርስቲያኑ ስም ሲሆን ስሙም በጎናቸው ተጽፎ ነበር።

ችግሩ ከብዙ አቅጣጫ መጣ። ከጃንዋሪ 1956 ጀምሮ ከተማው ጠንከር እንላለን አለ፤ ከንቲባውና ኮሚሽነሮቹ የነጮች ምክር ቤት አባል መሆናቸውን በአደባባይ አወጁ። ፖሊስ የስምሪት ሾፌሮችን እያስቆመ መንጃ ፈቃድና መድን ይጠይቃል፤ በትንሽ በትልቁ ይከሳል። የሚጠብቁትን ሰዎችም መኪና መለመን ክልክል ነው፣ ሥራ ፈት ተብላችሁ ትታሰራላችሁ ይላቸዋል። ሮቢንሰን ብቻዋን ብዙ የትራፊክ ክስ ሰብስባለች። ጃንዋሪ 26 ኪንግ ራሱ በ25 ማይል መንገድ 30 ነድተሃል ተብሎ ታሰረ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱን ወይም መድኑን እንዳያጣ ፈርቶ ይተው። መፍትሔው አሰልቺ ነበር፦ ቀስ ብሎ መንዳት፣ በየመገናኛው ሙሉ በሙሉ መቆም፣ ትርፍ አለመጫን፣ ለፖሊስ አለመመለስ።

ከሁሉ የከፋው ጥቃት የውሸት ዜና ነበር። ጃንዋሪ 22 እሁድ በሚወጣው ጋዜጣ ላይ አድማው በስምምነት አበቃ የሚል ዜና ሊታተም ነበር፤ ከተማው የማኅበሩ አባል ያልሆኑ ሦስት ቀሳውስትን ጠርቶ ተስማማን ብሎ ነበር። ቅዳሜ ማታ በሚኒሶታ ያለ ጥቁር ጋዜጠኛ ካርል ሮዋን በዜና ወኪል መልእክት አይቶት ኪንግን ጠየቀው። መሪዎቹ በዚያው ሌሊት በየመጠጥ ቤቱና በየጭፈራ ቤቱ ዞረው ውሸት መሆኑን ተናገሩ፤ እሁድ ጠዋት በየመድረኩ ተደገመ። ሰኞ አውቶቡሱ ባዶ ነበር። ሰው ጋዜጣውን ትቶ ስብሰባውን ማመኑ የሰባት ሳምንት የሰኞና የሐሙስ ስብሰባ ውጤት ነው።

ፌብሩዋሪ 21 አንድ የ1921 ሕግ ተቆፍሮ ወጣ፤ ያለ በቂ ምክንያት የንግድ ሥራን ለማደናቀፍ መስማማትን የሚከለክል ነው። 89 ሰው ተከሰሰ። እስኪያዙ አልጠበቁም፤ እሁድ ልብሳቸውን ለብሰው ራሳቸው ወደ ጣቢያው ሄደው ተመዘገቡ፣ ሕዝቡም ውጭ ቆሞ አጨበጨበላቸው። እስር የሚያስፈራው የሚደበቁት ነገር ሲሆን ነው፤ እዚያ ቀን ማስፈራሪያነቱ አበቃ። ማርች ላይ ኪንግ ብቻውን ቀርቦ 500 ዶላርና የ500 ዶላር የችሎት ወጪ ተፈረደበት። ክሱ ለከተማው ኪሳራ ሆነ፤ የዓለም ጋዜጠኛ ሞንትጎመሪ ገባ፣ የገንዘብ እርዳታውም ጨመረ።

የመድኑ ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የስቴሽን ዋገኖቹን መድን ኩባንያዎች በአራት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ሰረዙት። መድን የሌለው መኪና ካልቆመ ሾፌሩ ይከሰሳል፤ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ስሙ የተጻፈበት ቤተ ክርስቲያን ንብረቱን ያጣል። ኪንግ አትላንታ ያለ ቲ.ኤም. አሌክሳንደር የተባለ ጥቁር የመድን ወኪል አገኘ፤ እሱም ለንደን ካለው የመድን ገበያ፣ ከሎይድስ፣ ሽፋን አስገኘላቸው። በአላባማ በር ሁሉ ሲዘጋ መፍትሔው ከባሕር ማዶ መጣ። በሴፕቴምበር 1956 ይህ ባይሆን ኖሮ አድማው በፖሊስ ሳይሆን በወረቀት ይሞት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ውስጣዊ ችግርም ነበር፤ አይደብቁት። ጁን 1956 የማኅበሩ ጸሐፊ ዩራያ ፊልድስ ገንዘብ ይባክናል ብሎ በአደባባይ ከሰሰ፤ ከቀናት በኋላ ቃሉን አነሳ። እንዲህ ያለ ክስ ጠላት ከሚወረውረው ይበልጥ ያቆስላል፤ የማኅበርዎ ወጣቶች ቀጥለው መዋጮ የሚሰበስቡ ከሆነ ደረሰኝና ሁለት ፈራሚ ከመጀመሪያው ቀን ይኑር።

ሰላማዊነቱስ? ሁሉም ከመጀመሪያው አምኖበት የገባ እንዳይመስልዎ። ጃንዋሪ 30 ማታ የኪንግ ቤት በረንዳ ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ ባለቤቱ ኮሬታና የሁለት ወር ተኩል ልጃቸው ውስጥ ነበሩ፣ አልተጎዱም። የተቆጣ ሕዝብ፣ አንዳንዱም መሣሪያ ይዞ፣ ቤቱን ከበበ። ኪንግ ከስብሰባ መጥቶ ከፈረሰው በረንዳ ላይ ሆኖ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ፣ ጠላቶቻችንን እንውደድ አላቸው፤ ተበተኑ። ያን ሰሞን ግን እቤቱ ውስጥም ጠመንጃ ነበር፤ ለጦር መሣሪያ ፈቃድም አመልክቶ ተከልክሏል። ፌብሩዋሪ ላይ የመጡት ባያርድ ረስቲንና ግሌን ስማይሊ፣ ሁለቱም የጋንዲን ትግል በደንብ ያጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር በተደረገው ረጅም ውይይት ነው ጠመንጃው ከቤት የወጣው። ሰላማዊነት እዚያ በወራት ውስጥ ተማሩት።

ወደ ፍርድ ቤቱ እንመለስ። የፓርክስ መዝገብ ለምን አልሆነም? የወንጀል ክስ ስለሆነ ይግባኙ በአላባማ ፍርድ ቤቶች በኩል ነው የሚሄደው፤ እዚያ ለዓመታት ሊጓተት ወይም በሥነ ሥርዓት ምክንያት ሕጉ ሳይነካ ሊዘጋ ይችላል። ፍሬድ ግሬይ ሌላ መንገድ ያዘ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1956፣ የኪንግ ቤት በተመታ በሁለተኛው ቀን፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት የፍትሐ ብሔር ክስ አቀረበ። ከሳሾቹ አውቶቡስ ላይ የተበደሉ ሴቶች ነበሩ፦ ኦሪሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝና ያቺ ተማሪ ክላውዴት ኮልቪን። አምስተኛዋ ዛቻ በዝቶባት ወጣች፤ በዚህም ምክንያት ግሬይ ሳትወክልህ በስሟ ከሰስክ ተብሎ ራሱ ተከሰሰ። ፓርክስን ከከሳሾቹ ያላካተታት የወንጀል ክሷን ለማምለጥ ነው እንዳይባል ነው። የግዛት ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የሚል ክስ በዚያ ዘመን ሦስት ዳኞች ፊት ይቀርብና ይግባኙ በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር፤ ከስንት ደረጃ ያዳነው ይህ ነው። ጁን 5 ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ለከሳሾቹ ተፈረደ። ከተማው ይግባኝ ስላለ አድማው ቀጠለ።

አድማው ብቻውን ለምን እንደማይበቃ የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋሉ? ኤፕሪል 1956 የአውቶቡሱ ኩባንያ፣ ባለቤቱ ቺካጎ ያለው፣ በሌላ መዝገብ ላይ የተሰጠውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ምክንያት አድርጎ ከእንግዲህ ተሳፋሪ በዘር አልለይም ብሎ አስታወቀ። ተሳፋሪውን ያጣ ነጋዴ ነው። ከተማው ግን ኩባንያውን ራሱን ከሶ በሜይ የግዛቱ ዳኛ ለይ የሚል ትእዛዝ ሰጠ። ኪሳራ ነጋዴን ያንበረክካል፤ ሕግ ያወጣውን ባለሥልጣን ግን አይነካውም፣ ደመወዙ ከአውቶቡስ ሳንቲም አይደለምና። ሕጉን የሚያነሳ ሌላ እጅ ያስፈልግ ነበር።

በመጨረሻ ከተማው ዋናውን ድክመት አገኘው። ስምሪቱ ያለ ፈቃድ የሚካሄድ የትራንስፖርት ድርጅት ነው ብሎ የእግድ ትእዛዝ ጠየቀ። ኖቬምበር 13 ችሎቱ ላይ ኪንግ ሽንፈቱን እየጠበቀ ተቀምጦ ሳለ በእረፍት ሰዓት አንድ ጋዜጠኛ ቁራጭ ወረቀት ሰጠው፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጁኑን ፍርድ አጽንቷል። ዳኛው በዚያው ቀን ስምሪቱን አገደ። ስለዚህ የስምሪቱ ዕድሜ ያለቀውና ሕጉ የፈረሰው በአንድ ቀን ነው። የጽሑፍ ትእዛዙ ሞንትጎመሪ እስኪደርስ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ፤ ያን ወር ሕዝቡ ያለ ስምሪት፣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተጋራና በእግሩ እየሄደ ጠበቀ። ዲሴምበር 20 ትእዛዙ ደረሰ። ዲሴምበር 21 ማለዳ ኪንግ፣ የትግል ጓዱ ፓስተር ራልፍ አበርናቲ፣ ኒክሰንና ነጩ ስማይሊ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ወጡ።

ከመውጣታቸው በፊት ያደረጉት ዝግጅት ከሁሉም በላይ ለወጣት ቡድን የሚሠራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር እንደ አውቶቡስ ረድፍ ይደረደራል። ከሰዉ ሾፌር፣ ነጭ ተሳፋሪ፣ ጥቁር ተሳፋሪ ይመረጥና አንዱ ይሳደባል፣ ይገፋል፤ ሌላው ይለማመዳል። አንዳንዱ ነጭ ሆኖ ሲጫወት በጣም ይግላል፣ አንዳንዱ ጥቁር ሆኖ ሳለ እጁ ይነሳል፤ ያኔ ቆም ብለው ይነጋገሩበትና ይደግሙታል። የተበተነው መመሪያም እንዲሁ ዝርዝር ነበር፦ ሌላ ቦታ ካለ ሆን ብለህ ነጭ አጠገብ አትቀመጥ፤ ስትቀመጥ ይቅርታ በል፤ ብትሰደብ አትሳደብ፣ ብትመታ አትምታ፤ ከመቀመጫህ ግን አትነሳ፤ ሌላው ሲደበደብ ለመከላከል አትነሳ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሰላማዊነቱ ከምታምነው ጓደኛ ጋር ውጣ። የማልችለው ይሆናል ብለህ የምትፈራ ከሆነ ሌላ ሳምንት ሁለት ሳምንት በእግርህ ሂድ ይላል። ይህ የመጨረሻው መስመር ለእኔ ከሁሉም የበሰለው ነው፤ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ዝግጁ እንዲሆን አያስገድድም።

ከዚያ በኋላ ሰላም አልወረደም። በዲሴምበር መጨረሻ አውቶቡሶች ላይ ተተኮሰ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት እግሮቿ ላይ ተመታች፣ የማታው አገልግሎትም ተቋረጠ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1957 አራት ቤተ ክርስቲያኖችና የአበርናቲና የነጩ ሉተራን ፓስተር የሮበርት ግሬትዝ ቤቶች በቦምብ ተመቱ። ከቀናት በኋላ ግን አውቶቡሶቹ ተመልሰው ሠሩ፤ ጥቁሮቹም ፊት ተቀመጡ።

ወጣቶቹ ሌላ ከተማ ላይስ ቢሉ ፍሎሪዳ ታላሃሲን ይንገሯቸው። እዚያ አድማው በሜይ 1956 የጀመረው የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ነጭ አጠገብ ተቀምጠው በመታሰራቸው ነው። እነሱም በመኪና ስምሪት ሠሩ፤ ከተማው ግን በኦክቶበር ገደማ ያለ ፈቃድ ትራንስፖርት ትሰጣላችሁ ብሎ ማኅበሩንና 21 መሪዎቹን በጠቅላላው 11,000 ዶላር አስቀጣ። ስምሪቱ ቆመ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሞንትጎመሪ ጉዳይ ከፈረደ በኋላ እንኳ ታላሃሲ ሾፌሩ ለጤናና ለደኅንነት ሲባል ተሳፋሪውን የትም ያስቀምጥ የሚል ደንብ አውጥታ በሌላ ስም ልታስቀጥለው ሞከረች። ስለዚህ ከወጣቶቹ ጋር ሲነጋገሩ ሁለቱን ከተሞች ጎን ለጎን አቅርበው፣ ስምሪቱ ላይ የመጣው ክስ ሁለቱም ቦታ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ለምን እንደተለያየ ራሳቸው እንዲፈልጉት ያድርጉ፤ የክሶቹን ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ ካሰፈሩላቸው መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።